አስፋልቱን ማን አመጣው?
ስለ ቢስክሌት ታሪክ፣ ስለ ጥገናውና ስለ መንገድ ሕጉ

በአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ሰልፍ ተራ ስንጠብቅ ከሚነሡት ጨዋታዎች አንዱ የቢስክሌት ነጂዎች ጉዳይ ነው። የአገር ቤት ፖለቲካ ሲሰለች፣ የኢንሹራንሱና የቤት ኪራዩ እሮሮም ተወርቶ ሲያልቅ፣ አንዱ ወዳጃችን ይነሣና «እነዚህ ሰዎች መንጃ ፈቃድ የላቸው፣ ሰሌዳ የላቸው፣ ኢንሹራንስ አይከፍሉ፤ ለምን እግረኛው መንገድ ላይ ወጥተው አይነዱም? አስፋልቱ እንደሆነ ለመኪና የተሠራ ነው!» ብሎ ይጀምራል። ሌላው ይቀበለዋል። በዚያች ሰዓት ለቢስክሌተኛ ጥብቅና የሚቆም ሰው ከመካከላችን አይገኝም።

እኔም ከሰልፈኞቹ አንዱ ነኝ። በቀይ መብራት ሾልኮ በሚያልፍ ቢስክሌተኛ ያልተቆጣሁበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። ይሁን እንጂ እዚህ አገር መጥቼ የታክሲ መሪ ከመጨበጤ በፊት በአገር ቤት ለዓመታት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምር ስለነበር፣ «አስፋልቱ ለመኪና የተሠራ ነው» የሚለውን አባባል በዝምታ ማለፍ አልሆነልኝም። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መኪና ገና ከመታወቁ በፊት «መንገድ ይሠራልን፣ ሕግ ይውጣልን» እያሉ ይጮኹ የነበሩት ቢስክሌት ነጂዎች ናቸው። እንዴት እንደሆነ ላስረዳ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው በጀርመን አገር ነው። ካርል ፎን ድራይስ የሚባል የደን ሹም በጁን 12 ቀን 1817 ከእንጨት በተሠራች ባለሁለት መንኮራኩር መሣሪያ ላይ ተቀምጦ ከማንሃይም ከተማ ወጣ። 13 ኪሎሜትር ያህል የሚሆነው ደርሶ መልስ አንድ ሰዓት ግድም ፈጀበት። መሣሪያዋ ፔዳልም ሰንሰለትም አልነበራትም፤ ነጂው መሬቱን በእግሩ እየገፋ ነበር የሚሄደው። የዚያ ዘመን መንገድ ደግሞ በጋሪ እግር የተቦረቦረ በመሆኑ ሁለት ጎማ ላይ ሚዛን ጠብቆ ለመሄድ አያመችም። ስለዚህ ነጂዎቹ ለስለስ ወዳለው ወደ እግረኛው መንገድ ወጡ። እግረኛው ተገፋ፣ ጩኸት ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ በጀርመንም፣ በእንግሊዝም፣ በአሜሪካም ከተሞች በእግረኛ መንገድ ላይ መንዳትን የሚከለክል ደንብ ወጣ። እንግዲህ ለባለሁለት ጎማ ከወጡት የመንገድ ሕጎች ቀዳሚው «ከእግረኛው መንገድ ውረድ» የሚለው ነው። ዛሬም በዋሽንግተን መሀል ከተማ በእግረኛ መንገድ ላይ ቢስክሌት መንዳት ክልክል ነው። ወዳጃችን በሰልፉ ላይ ያነሣው ጥያቄ ከ200 ዓመት በፊት መልስ ያገኘ ነው ማለት ነው።

ፔዳል የመጣው በ1860ዎቹ በፓሪስ ነው። ፈጣሪው ማን እንደሆነ ክርክር አለ፤ ለገበያ በብዛት ያወጣው ግን የአንጥረኛው የፒየር ሚሾ ቤት ነው። ፔዳሉ የተገጠመው በፊተኛው ጎማ እምብርት ላይ ነበር። ጎማው እንጨት፣ ዙሪያው ብረት፤ መንገዱ ድንጋይ። እንግሊዞች «አጥንት አንቀጥቅጥ» የሚል ስም ያወጡለት በከንቱ አይደለም።

ቀጥሎ የመጣው በሥዕል የምናውቀው፣ ፊተኛው ጎማ ሰው የሚያህል፣ ኋለኛው ሳህን የሚያህል ቢስክሌት ነው። ተማሪዎቼ ይህን ሥዕል ሲያዩ «ሰዎቹ ሞኞች ነበሩ እንዴ?» ይሉኝ ነበር። ሞኝነት አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ሰንሰለት በሌለበት ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም የሚዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የጎማው ወርድ አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን በ3.14 ሲባዛ አንድ ዙር 4.7 ሜትር ያስኬዳል። ጎማው ካነሰ መንገዱም ያንሳል። ስለዚህ የነጂው እግር እስከደረሰ ድረስ ጎማውን ማሳደግ ነበረባቸው። ጣጣው ፊተኛው ጎማ ድንጋይ ሲያጋጥመው ነው፤ ነጂው በአናቱ ይተከላል። በዚህ የተነሣ ቢስክሌት የጎልማሶችና የደፋሮች ብቻ ሆኖ ቆየ። ሴቶችም፣ ሽማግሌዎችም፣ ልጆችም ከዳር ሆነው ተመልካች ነበሩ።

መላውን ያገኘው ጆን ኬምፕ ስታርሊ ነው። በ1885 በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ «ሮቨር» ብሎ የሰየማትን ቢስክሌት አወጣ። ሁለቱ ጎማዎች ተቀራራቢ ናቸው፤ ፔዳሉ ከመካከል ሆኖ በሰንሰለት የኋላውን ጎማ ያዞራል። ከፔዳሉ ጋር ያለው ጥርስ ትልቅ፣ ከጎማው ጋር ያለው ትንሽ በመሆኑ አንድ የእግር ዙር ጎማውን ከአንድ ጊዜ በላይ ያሽከረክረዋል። ትልቁ ጎማ ይሠራ የነበረውን ሥራ ሰንሰለቷ ተረከበችው። ዛሬ በመደብር የሚሸጠው ቢስክሌት በአቋሙ ከሮቨር እምብዛም አይለይም። ፖላንዳዊ ተሳፋሪ ካጋጠማችሁ በአገሩ ቋንቋ ቢስክሌትን ምን እንደሚላት ጠይቁት፤ «ሮቬር» ይላችኋል።

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ በቤልፋስት የሚኖር ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም ነበር። በ1888 የልጁ ባለሦስት ጎማ ቢስክሌት በድንጋዩ መንገድ ላይ እንዳያንገጫግጨው ብሎ አየር የተሞላ የላስቲክ ቱቦ በጎማው ዙሪያ አሰረለት። መጀመሪያ ሰው ሳቀበት። በ1889 ዊሊ ሁም የሚባል ነጂ በዚሁ ጎማ ውድድር ሲያሸንፍ ሳቁ ቆመ። ደንሎፕ ግን የፈጠራ መብቱን ብዙም አላጣጣመውም። ለካስ ከ40 ዓመት በፊት ሌላ ስኮትላንዳዊ፣ ሮበርት ቶምሰን፣ ያንኑ ሐሳብ አስመዝግቦ ኖሯል! መብቱ ውድቅ ሆነ።

የአየር ጎማ ምቾት አመጣ፤ ምቾቱ ደግሞ ቀዳዳን ይዞ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ጎማዎች ከቸርኬው ጋር በሙጫ የተጣበቁ ስለነበሩ አንዲት ሚስማር የገባችበት ሰው ጎማውን ልጦ፣ ለጥፎ፣ መልሶ አጣብቆ እስኪደርቅ ማደር ነበረበት። በፈረንሳይ አገር በክሌርሞን ፌራን ከተማ የላስቲክ ፋብሪካ የነበራቸው የሚሽለን ወንድማማቾች እንዲህ ያለ ጎማ ለጥገና ቢመጣላቸው ልፋቱን አይተው ተገረሙ፤ ከዚያም የሚወልቅና የሚገጠም ጎማ ሠሩ። በ1891 ሻርል ቴሮን የሚባለው ነጂ በዚሁ ጎማ ከፓሪስ ብሬስት ደርሶ መልስ ውድድርን አሸነፈ። ከመንገድ ዳር ተቀምጦ ጎማ ፈትቶ መለጠፍ ተራ ነገር የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

በአገራችን የዚህ ሙያ ባለቤት ጎሚስታ ነው። በየሰፈሩ ቢስክሌት እየተከራየን የተማርን ሁሉ እናውቀዋለን። ሰውየው ውኃ የሞላ ሳፋ ከፊቱ አስቀምጦ ካላማዳሪያውን በፖምፓ ይነፋና ውኃው ውስጥ እየነከረ ያዞረዋል፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ቀዳዳው እሱ ነው። ያደርቀዋል፣ በሞረድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፣ ማስቲሽ ይቀባዋል። ከዚያ ይጠብቃል። ይቺ መጠበቅ ናት የሙያው ምሥጢር። ማስቲሹ እርጥብ እያለ የተለጠፈ ቁራጭ ሁለት መንገድ ሳይሄድ ይነሣል፤ ምክንያቱም በማስቲሹ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ተኖ ካልወጣ ላስቲክና ላስቲክ አይያያዝም። እኛ ልጆቹ በሰዓት የተከራየናት ቢስክሌት ጊዜዋ እያለቀ ስለሆነ «ቶሎ በል እንጂ ጋሼ!» እያልን እንነዘንዘዋለን፤ እሱ ግን እፍ እፍ እያለ ጣቱን ያስነካታል እንጂ አይቸኩልም። መለጠፊያውም ከአሮጌ ካላማዳሪያ በመቀስ የተቆረጠ ነው። እዚህ አገር ልጄ ጎማው ሲተነፍስበት ካላማዳሪያውን ጥሎ ሌላ ገዛ። የመደብሩ ሰው ጊዜህን አታባክን ብሎ መከረው አሉ። ምን ይባላል!

ከላይ የጠራኋቸውን ቃላት ልብ ያለ አንባቢ አንድ ነገር ሳይታዘብ አይቀርም። ጎሚስታ፣ ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ ፖምፓ፣ ማስቲሽ፣ ቸርኬ፣ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ፍሬን፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴም እንዲሁ። ከ1936 እስከ 1941 የቆየው ወረራ፣ ከዚያም በፊት የአስመራ ወርክሾፖች የተዉልን ቅርስ ነው። «ካቴና» በጣልያንኛ ሰንሰለት ማለት ሲሆን፣ በእኛ አገር ግን ቃሉ ከቢስክሌት ይልቅ ከእጅ ጋር ይበልጥ ተዋወቀ። ወራሪው ተባሮ ሄደ፤ የመፍቻ ሣጥኑ ግን እስከ ዛሬ በእሱ ቋንቋ ይናገራል።

ስለ ጥገና ካነሣን አይቀር የኢዩጂን ክሪስቶፍን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። በ1913 በፈረንሳይ ዙር ውድድር ላይ ክሪስቶፍ ቱርማሌ ከሚባለው ተራራ ሲወርድ የፊተኛውን ጎማ የሚይዘው ሹካ ተሰበረበት። በጊዜው ደንብ ተወዳዳሪ ከሰው እርዳታ ሳይቀበል ቢስክሌቱን ራሱ መጠገን ነበረበት። ቢስክሌቱን ተሸክሞ ከ10 ኪሎሜትር በላይ በእግሩ ወርዶ አንዲት መንደር ደረሰና አንጥረኛ ቤት ገባ። የውድድሩ ዳኞች ከበው እያዩት፣ አንጥረኛው በቃል ብቻ እየነገረው፣ ብረቱን አግሎ ቀጥቅጦ ሹካውን ሠራ፤ ሰዓታት ፈጀበት። ሁለት እጁ ሥራ ላይ ስለነበር አንድ ትንሽ ልጅ ወናፉን ነፋለት። ዳኞቹ «እርዳታ ተቀብለሃል» ብለው የ10 ደቂቃ ቅጣት ጣሉበት፤ በኋላ ወደ 3 ደቂቃ ዝቅ አደረጉለት። እኔ ይህን ሳነብ የሚታየኝ የልጁ መገረም ነው። ወናፍ መንፋት ወንጀል መሆኑን በዚያ ቀን ተማረ።

ወደ መንገዱ ሕግ ልመለስ። የ19ኛው መቶ ዓመት ዳኞች ትልቁ ጭንቀት «ቢስክሌት ምንድነው?» የሚል ነበር። ፈረስ አይደለም፣ ጋሪ አይደለም፣ እግረኛም አይደለም። በ1879 በእንግሊዝ አገር አንድ ሰው በሎንዶን አጠገብ በመስዌል ሂል ቁልቁለት ቢስክሌቱን እንደ እብድ ነድቷል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃው ሕጉ የሚናገረው ስለ ሠረገላ ነው፣ ቢስክሌት ሠረገላ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን ሠረገላ ነው ብሎ ፈረደበት። ነገሩ ለሰውየው ቅጣት፣ ለቢስክሌተኞች ግን ድል ሆነ፤ ሠረገላ ከሆነ በሠረገላ መንገድ የመሄድ መብት አለዋ! በ1888 የወጣው ሕግ ይህንኑ አጸናና ግዴታም ጨመረበት፦ ፀሐይ ከገባች ከአንድ ሰዓት በኋላ ጀምሮ ልትወጣ አንድ ሰዓት እስኪቀራት ድረስ ፋኖስ ማብራት፣ ሌላውን አልፎ ሲሄድም በደወል ወይም በፊሽካ ማስጠንቀቅ። ዛሬ በየቢስክሌቱ እጀታ ላይ የምናያት ደወል የሕግ ታሪክ አላት ማለት ነው። መብራቱም እንዲሁ፤ መጀመሪያ በዘይት፣ ቀጥሎ በካርባይድ ጋዝ፣ ከዚያ በዲናሞ፣ ዛሬ በባትሪ።

በአሜሪካ ነጂዎቹ በ1880 በሮድ አይላንድ ግዛት በኒውፖርት ከተማ ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ ስሙን ለወጥ አድርጎ ዛሬም አለ። በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ቢስክሌት ተከልክሎ ስለነበር በየፍርድ ቤቱ ተሟገቱ፤ በ1887 የኒውዮርክ ግዛት ምክር ቤት ቢስክሌት ከማናቸውም ሠረገላ ጋር እኩል የመንገድ መብት እንዳለው የሚደነግግ ሕግ አወጣ። መብቱ ተገኘ፤ መንገዱ ግን የት አለ? ከከተማ ወጣ ሲባል ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ ነበር። ማኅበሩ «መልካም መንገድ» የሚል ዘመቻ ጀመረ፤ በ1892ም በዚሁ ስም መጽሔት ማሳተም ያዘ። ገበሬዎቹ በመጀመሪያ ተቃወሙ፤ የከተማ ልጅ ሽር እንዲል እኛ ለምን ቀረጥ እንከፍላለን አሉ። አልተሳሳቱም። ነጂዎቹ ግን እህላችሁን ወደ ባቡር ጣቢያ የምታደርሱበት ወጪ ይቀንሳል ብለው እየዞሩ አስረዱ። ቢስክሌት ሠሪው ባለጸጋ አልበርት ፖፕም ለኮንግሬስ የሚቀርብ ፊርማ አሰባሰበ። በ1893 በእርሻ ሚኒስቴር ሥር የመንገድ ጉዳይ የሚያጠና አንድ ትንሽ ቢሮ ተከፈተ። ዛሬ የአሜሪካንን አውራ ጎዳናዎች የሚመራው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የዘር ሐረጉ የሚመዘዘው ከዚያች ቢሮ ነው። በዚያ ጊዜ በዚህ አገር መኪና የሚባል ነገር በጣት የሚቆጠር ነበር።

መኪናዋም ብትሆን የቢስክሌት ልጅ ናት። ሄንሪ ፎርድ በ1896 የሠራት የመጀመሪያዋ መኪና በአራት የቢስክሌት ጎማ ላይ ነው የቆመችው። የዱሪዬ ወንድማማቾች ቢስክሌት ሠሪዎች ነበሩ። ፔዦም ኦፔልም ከመኪና በፊት ቢስክሌት ሸጠዋል። አልፎ ተርፎ አውሮፕላኑም፤ የራይት ወንድማማቾች በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ የቢስክሌት ሱቅ ነበራቸው፤ በ1903 በበረረችው አውሮፕላናቸው ላይ የሞተሩን ኃይል ወደ አየር መቅዘፊያዎቹ የሚያደርሰው ሰንሰለትና ጥርስ ነበር።

ልጅ ከእናቷ የተጋጨችው ግን ወዲያው ነው። በሜይ 30 ቀን 1896 በኒውዮርክ ከተማ ሄንሪ ዌልስ የሚባል ሰው የዱሪዬ መኪና ሲነዳ ኤቨሊን ቶማስ የምትባል ቢስክሌት ነጂ ገጭቶ እግሯን ሰበራት፤ ሰውየው እስር ቤት አደረ። በዚህ አገር ተመዝግቦ ከሚገኘው የመኪና አደጋ ሁሉ የመጀመሪያው ይኸው ነው ይባላል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሜይ 20 ቀን 1899፣ የሙያ ባልደረባችን የሆነው ጄኮብ ጀርመን ታክሲውን በሌክሲንግተን አቬኑ በሰዓት 12 ማይል ሲያበር ተያዘ። የተፈቀደው 8 ማይል ነበር። ያባረረውና የያዘው ፖሊስ በምን እንደነበር ገምቱ፤ በቢስክሌት! የዚያ ዘመን የኒውዮርክ ፖሊስ በፍጥነት የሚነዱትን የሚያሳድድ የቢስክሌት ጓድ ነበረው። የጀርመን ታክሲ ደግሞ ኤሌክትሪክ ነበረች። በኤሌክትሪክ መኪና መጥቶ በቢስክሌት ተይዞ መታሰር ዛሬ የተፈጸመ ይመስላል።

እስካሁን ያወራሁት የድል ታሪክ ነው። ጨለማውን ገጽ ብዘለው ግን ማስተማር ሳይሆን ማስታወቂያ መሥራት ይሆንብኛል። ያ መንገድ የጠየቀ፣ እኩል መብት ያለ ማኅበር በ1894 በሉዊቪል ከተማ ባደረገው ጉባኤ ጥቁሮች አባል እንዳይሆኑ ወሰነ። አባላቱ በ1898 ከ100,000 በላይ ደርሰው ነበር። «መንገድ የሁሉ ነው» ባዮቹ በራሳቸው በር ላይ ቁልፍ አደረጉ።

ማርሻል ቴይለር በ1878 በኢንዲያናፖሊስ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በልጅነቱ በአንድ የቢስክሌት ሱቅ ተቀጥሮ የወታደር ልብስ ለብሶ በቢስክሌት ትርዒት ያሳይ ስለነበር «ሜጀር» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ውድድር ሲጀምር ነጮቹ ተወዳዳሪዎች እየተባበሩ ያጥሩታል፣ ይገፉታል፤ በደቡብ ግዛቶች ጭራሽ አያስገቡትም፤ ሆቴልም ምግብ ቤትም ይከለክለዋል። ሆኖም በ1899 በሞንትሪያል በአጭር ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ወደ አውሮፓ ተጋብዞ ሲሄድ እሑድ ቀን አልወዳደርም ብሎ ፕሮግራሙን አስለወጠ፤ ጽኑ ክርስቲያን ነበር። ሩጫውን ካቆመ በኋላ ገንዘቡ አለቀ። በ1928 የሕይወት ታሪኩን ጽፎ በራሱ ወጪ አሳትሞ በየበሩ እየዞረ ይሸጥ ነበር። በ1932 በቺካጎ የድሆች ሕክምና ክፍል ውስጥ ሞተ፤ የተቀበረውም ምልክት በሌለው መቃብር ነው። በ1948 ወዳጆቹና የድሮ ተወዳዳሪዎች ተሰብስበው፣ ቢስክሌት ሠሪው ፍራንክ ሽዊን ወጪውን ችሎ፣ አፅሙን ወደ ተሻለ ስፍራ አዛወሩት። ማኅበሩ የ1894ቱን ውሳኔ በይፋ ያወገዘው በ1999 ነው፤ 105 ዓመት ቆይቶ።

ሌላም ልጨምር። በ1897፣ ማለት ከአድዋ ድል በኋላ በዓመቱ፣ የ25ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ሃያ ጥቁር ወታደሮች በአንድ ነጭ መኮንን መሪነት ከሞንታና ግዛት ተነሥተው ቢስክሌት እየነዱ እስከ ሴንት ሉዊስ ድረስ ሄዱ። መንገዱ 1,900 ማይል ነው፤ 40 ቀን ገደማ ፈጀባቸው። ሠራዊቱ ቢስክሌት ፈረስን ይተካ እንደሆነ ለመፈተን ነበር። ጭቃው ጎማውን ሲይዘው በሐዲድ እንጨት ላይ ነዱ፤ መጥፎ ውኃ ጠጥተው ታመሙ፤ ከመካከላቸው አንዱ የቢስክሌት መካኒክ ስለነበር የተሰበረውን እየጠገነ አደረሳቸው። ጦሩ በመጨረሻ ቢስክሌቱን ተወው። እነዚያ ወታደሮች ግን ብዙው ሰው መንገድ ይሠራልን ብሎ በሚጽፍበት ጊዜ መንገድ በሌለበት ነድተው አሳይተዋል።

ተመሳሳይ ነገር በእኛም አካባቢ ነበር። በቅኝ ግዛት ዘመን በአስመራ የቢስክሌት ውድድር ለጣልያኖች ብቻ ነበር። በ1939 ኤርትራውያን አብረው እንዲወዳደሩ ቢፈቀድ ገብረማርያም ገብሩ አሸነፈ። ኢትዮጵያም በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ቢስክሌተኞች አሰልፋ ነበር፤ ይህን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም። በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖትና መርሃዊ ቅዱስ ከኤርትራ፣ በ2016 ፅጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያ በፈረንሳይ ዙር ተሰለፉ። በ2024 ደግሞ ቢኒያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ጊዜ ቀድሞ ገብቶ አረንጓዴውን ማልያ ለበሰ። በዚያ በጋ የእኛም የኤርትራውያኑም የታክሲ ሰልፍ ለጥቂት ቀናት አንድ ወሬ ነበረው።

ከ1920ዎቹ በኋላ መንገዱ የመኪና ሆነ። የመኪና ሻጮችና ክለቦች እግረኛውን «መንገድ መሻገር የማያውቅ ባላገር» የሚል ስድብ አውጥተው ወደ ዳር ገፉት፤ ቢስክሌቱም በዚህ አገር የልጅ መጫወቻ ሆኖ ቀረ። «አስፋልቱ ለመኪና የተሠራ ነው» የሚለው እምነት የተወለደው ያን ጊዜ እንጂ ከጥንት አልነበረም።

አሁን ያለውን ሕግ በተመለከተ ለሙያ ባልደረቦቼ ሁለት ሦስት ነገር ልጠቁም። ቢስክሌተኛ «ስቶፕ» ምልክት ላይ ሳይቆም ሲያልፍ ሁልጊዜ ሕግ ጣሰ ማለት አይደለም። በ1982 የአይዳሆ ግዛት ቢስክሌተኛ በዚህ ምልክት ዘንድ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ ቀዳሚነት ላለው ሰጥቶ እንዲያልፍ ፈቀደ፤ ፍርድ ቤቶችም በጥቃቅን ክስ ከመጨናነቅ ዳኑ። ደላዌር በ2017፣ ዋሽንግተን ከተማም በ2022 ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። ቢስክሌተኛን ስታልፉ ቢያንስ 3 ጫማ መራቅ በብዙ ግዛቶች ግዴታ ነው። በሌሊት ከፊት ነጭ መብራት ማብራት የእነሱ ግዴታ ነው፤ ያለ መብራት የሚነዳውን እኔም አልከላከልለትም።

ደግሞስ በሌሊት የሚነዳው ማን ነው? በጀርባው የምግብ ሣጥን አዝሎ በዝናብ የሚሮጠውን ልጅ ልብ ብላችሁ እዩት፤ አብዛኛውን ጊዜ እንደኛው ስደተኛ ነው። በኒውዮርክ እስከ 2020 ድረስ የእነዚህ ልጆች የኤሌክትሪክ ቢስክሌት በሕግ ያልተፈቀደ ስለነበር ፖሊስ እየቀጣ ይወስድባቸው ነበር። ሕጉ ሲስተካከል ሌላ መዘዝ መጣ፤ በ2023 በዚያችው ከተማ በባትሪ ምክንያት በተነሣ እሳት 18 ሰዎች ሞቱ። ከተማው በዚያው ዓመት የደኅንነት ፈተና ያላለፈ ባትሪ እንዳይሸጥ ከለከለ። ልጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፣ ባትሪውን ከመውጫው በር አጠገብ አድርጎ፣ ሌሊት ተኝቶ ቻርጅ እንዳያደርግ ንገሩት። የጎሚስታ ቤት የተጠጋገነ ካላማዳሪያ ቢበዛ ይተነፍሳል፤ የተጠጋገነ ባትሪ ግን ቤት ያቃጥላል።

የቀረው የበሩ ጉዳይ ነው። ለእኛ ለታክሲ ነጂዎች ከሁሉ የሚያሰጋው እሱ ነው፤ ተሳፋሪ ከኋላ መቀመጫ ሆኖ ስልኩን እያየ በሩን ድንገት ወለል ሲያደርገው ከኋላ የሚመጣ ቢስክሌተኛ ይላተማል። በሆላንድ አገር መንጃ ፈቃድ የሚማር ሰው በሩን በቅርቡ እጅ ሳይሆን በሩቁ እጅ እንዲከፍት ይማራል። በቀኝ በኩል የተቀመጠ በግራ እጁ፣ በግራ በኩል የተቀመጠ በቀኝ እጁ። እጁ ሲሻገር ትከሻው ይዞራል፣ ትከሻው ሲዞር ዓይኑ ወደ ኋላ ያያል። እኔም ሰሞኑን ሒሳብ ከተቀበልኩ በኋላ ለተሳፋሪዎቼ ይህንኑ እየነገርኩ ነው። አንዳንዱ ሰውየው ምን ነክቶታል በሚል ዓይን ያየኛል። ለነገሩ በሌላኛው እጁ ከፍቶ ይወርዳል።